ከማን አንሼ

በዳላስና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በሠርግ አዳራሽ ውስጥ ደጋግመን የምንሰማት አንዲት ጥያቄ አለች። ሙሽሮቹ ገና አልገቡም። በየክብ ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ዕድምተኛ ወደ መግቢያው እያየ ይጨዋወታል። አንዲት ሴት ብቅ ትላለች። የሐበሻ ቀሚሷና ጥለቱ ተመርምሮ ካለፈ በኋላ ዓይን ሁሉ ክንዷ ላይ ወደ ተንጠለጠለችው ቦርሳ ይወርዳል። ከዚያም አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ፣ «ኦሪጅናል ናት ወይስ ፌክ?» ይላል።

ጥያቄዋ ስለ ዕቃ የተጠየቀች ትመስላለች። መልሱን ልብ ብሎ ላዳመጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቦርሳዋ ፌክ ናት ከተባለ ፍርዱ «አስመሳይ» የሚል ይሆናል። እውነተኛ ናት ከተባለ ደግሞ «አዛውንት ስትጦር እያደረች ይህን ከየት አመጣችው? ለቤት ኪራዩ አታስብም?» ይከተላል። ሴትዮዋ በየትኛውም መልስ ነጻ አትወጣም። በዚያው አዳራሽ የሐኪም ሚስት ወይም የነዳጅ ማደያ ባለቤት ያችኑ ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጥ ግን ጥያቄው ጨርሶ አይነሣም። እንግዲህ የሚመረመረው ቆዳውና ስፌቱ አይደለም ማለት ነው። የሚመረመረው የያዘችው ሰው ናት።

ይህ ጽሑፍ ስለዚህች ጥያቄ ነው። ጠያቂዎቹን ከሩቅ ሆኜ ለመውቀስ አልተነሣሁም። ወደ መጨረሻው እንደማወሳው እኔም ጠይቄያታለሁ፤ ለዚያውም ነጭ ጋውን ለብሼ፣ በሽተኛ ፊት ተቀምጬ።

* * *

የጥያቄዋን ባሕርይ በሚገባ ያስረዳኝ አንድ የቆየ የፈረንሳይ አጭር ልብ ወለድ ነው። ጊ ደ ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1884 ያሳተመው የአንገት ሐብሉ ታሪክ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የአንድ ዝቅተኛ የመንግሥት ጸሐፊ ሚስት የሆነችው ማቲልድ ለአንድ ታላቅ ግብዣ ከሀብታም ጓደኛዋ ከማዳም ፎረስትዬ የአልማዝ ሐብል ትዋሳለች። በዚያው ሌሊት ይጠፋባታል። ባልና ሚስቱ በ36,000 ፍራንክ አምሳያውን ገዝተው ይመልሳሉ፤ ዕዳውን ለመክፈልም 10 ዓመት ይማቅቃሉ። ማቲልድ ወዟ ተሟጦ፣ እጇ ሻክሮ ጓደኛዋን መንገድ ላይ ስታገኛት፣ የተዋሰችው ሐብል አርቴፊሻል እንደነበረና ቢበዛ 500 ፍራንክ እንደሚያወጣ ትሰማለች።

ይህ ታሪክ ዘወትር የሚነበበው የከንቱ ውዳሴ ፈላጊዎች ተግሣጽ ሆኖ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ከሚለው ምሳሌያችን ጋር ስለሚገጥም እኛም በቀላሉ የራሳችን እናደርገዋለን። እኔም ለብዙ ዓመታት ያነበብኩት እንዲሁ ነበር። በእርጅና ደጃፍ ላይ ሆኜ ደግሜ ሳነበው ግን ከተግሣጹ ያመለጠች አንዲት ሰው አገኘሁ። ማዳም ፎረስትዬ ናት። የውሸቱን ሐብል በጥቁር ሳቲን ሣጥን ያኖረችው እርሷ ሆና ሳለ «ይህ እውነተኛ ነው?» ብሎ የጠየቃት የለም፤ ማቲልድ እንኳ አልጠየቀችም። ምትኩ ሲመጣላትም ሣጥኑን ከፍታ አላየችውም። የሀብታሟ መስተዋት በስሟ ብቻ አልማዝ ሆኖ ኖሯል። የድሃዋ 10 ዓመት ግን በስሟ ላይ ምንም አልጨመረላትም።

እዚህ ላይ ሞፓሳንን የምንወቅስበት ምክንያት የለም፤ እርሱ ሁለቱንም ሴቶች አሳይቶናል። ጥፋቱ የአነባበባችን ነው። ሁለት ሴቶች ባሉበት ታሪክ ውስጥ ትምህርቱን የምናሸክመው ለአንዲቱ፣ ለዚያውም ለደኸየችው ብቻ ነው። በሠርጋችን ጠረጴዛ ዙሪያ የምናነበውም በዚሁ ዓይን ነው።

* * *

ይህ ዓይን ከፈረንሳይ የመጣብን አይደለም። በአገራችን በነገሥታቱ ዘመን ማን ምን እንደሚለብስ የሚወስነው ገበያው ሳይሆን ሥልጣን ነበር። የሐር ቀሚስ፣ ካባና ለምድ ከንጉሥ እጅ የሚገኙ ሽልማቶች ነበሩ፤ በወርቅ ማጌጥም ለማንም የተፈቀደ አልነበረም። ሸማ አለባበስ እንኳ ደረጃን ይናገር ነበር፤ ከታላቅ ሰው ፊት የቀረበ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል። በዚህ ረገድ ብቻችንንም አልነበርንም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1363 የትኛው መደብ ምን ዓይነት ጨርቅና ጌጥ እንደሚለብስ በሕግ ደንግጋለች፤ እንዲህ ያሉትን ሕጎች የሻረችው በ1604 ነው። በየአገሩ ሕጉ ሲሻር ጥበቃው አልቆመም፤ ለሐሜት ተላለፈ እንጂ።

የእኛን ታሪክ የበለጠ የሚያከብደው ቆዳ በሚሠራው ሰው ላይ የነበረን ንቀት ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ፋቂውን «ቡዳ» እያልን አርቀናል፤ ጋብቻ ነፍገናል፤ በብዙ ስፍራም ርስት ከልክለናል። ፋቂው ባለፋው ቆዳ ላይ ግን ተኝተናል፤ በሰፋው ኮርቻ ተቀምጠናል። ዳዊታችንን የምናንጠለጥልበት ማኅደር እንኳ የቆዳ ሥራ ነው። ከእጅ ቦርሳ በፊት በትከሻ የሚንጠለጠለው የክብር መያዣችን ማኅደር ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የዕለት ተዕለት ንግግር ስለነበረ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን ደዌ ከማንም አብልጠው መርምረውታል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል ሲያማርጡ የልጅቱ ዕድሜ ያልፋል፤ በዛብህም በፍቅር እንጂ በትውልድ አልመጠነም። ከዚያ ወዲህ አብዮት መጣ፤ በ1967 ዓ.ም. መሬቱ ተወረሰ፤ ማዕረጉም ቀረ። «የማን ልጅ ነሽ?» የምትለው ጥያቄ ግን ከእኛ ጋር ተሰደደች። ጋርላንድና ሪቻርድሰን ስትደርስ መልኳን ለወጠች እንጂ አልሞተችም። እዚህ አባትን መጠየቅ ነውር ሲሆን ቦርሳን መጠየቅ ጨዋታ ሆነ።

በአገር ቤትም ያው ነው። በቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ወይም ዱባይ ዓመታት ያሳለፈች ልጅ ቦሌ ስትወርድ፣ መነጽሯና ቦርሳዋ የሚያስነሡት ፌዝ የታወቀ ነው። ቤተሰቧን ያስተማረችበት፣ የእናቷን ጣራ በቆርቆሮ የለወጠችበት ገንዘብ ይመሰገናል። ከዚያው ገንዘብ ለራሷ ያወጣችው ግን ይፌዝበታል። ሌላውን እንድታኖር እንጂ ራሷ እንድትታይ አልተላከችም የተባለ ይመስላል።

* * *

የዚህን ሁሉ ምፀት ለመረዳት በሠርጎቻችን በብዛት ከሚታዩት ቦርሳዎች የአንዱን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ሉዊ ቪቶን እ.ኤ.አ. በ1821 በፈረንሳይ ተራራማ ገጠር የተወለደ የድሃ ልጅ ነበር። ገና በልጅነቱ በ1835 ከቤቱ ወጥቶ ወደ ፓሪስ በእግሩ ተጓዘ፤ በየመንገዱ እየሠራ ከተማዋን እስኪደርስ ሁለት ዓመት ፈጀበት። እዚያም ከአንድ ሣጥን ሠሪ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ የባለጸጎችን ልብስ ማጠፍና በሣጥን መክተት ሥራው ሆነ። በኋላ የእቴጌ ኦዤኒን ጓዝ የሚከትት ባለሙያ ሆነ፤ የራሱን መደብር የከፈተው በ1854 ነው። በእኛ ቋንቋ ብንለው የሰው ጓዝ ጠቅላይ ነበር። ዛሬ በስሙ የሚኮራው ዕድምተኛ በሕይወት ቢያገኘው ኖሮ ከጠረጴዛው ያስቀምጠው እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ፊደሎቹ የተጠላለፉበትን የታወቀውን ንድፍ ልጁ ዦርዥ በ1896 ያወጣው አስመስለው የሚሠሩትን ለመከላከል ነበር። ስለዚህ «ኦሪጅናል ናት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዕቃው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ንድፉ የታተመባት ቡናማ ቦርሳ ደግሞ በአብዛኛው ቆዳ እንኳ አይደለችም፤ በፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ ናት። ቆዳው እጀታዋና ጠርዟ ላይ ነው። ከ2019 ወዲህ ኩባንያው ከፎርት ዎርዝ በስተደቡብ፣ በጆንሰን አውራጃ አልቫራዶ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የራሱን መስፊያ ከፍቷል። የፓሪስን ስም የያዘችው ቦርሳ ከእኛ ቤት ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ በሰዓት በሚከፈላቸው የቴክሳስ ሠራተኞች እጅ ትሰፋለች ማለት ነው። ሰፊዋ ራሷ የሰፋችውን ይዛ ሠርግ ብትመጣ ምን እንደምንላት መገመት አያስቸግርም።

ዳላስም ብትሆን የጥንት ባላባት ከተማ አይደለችም። የታወቀውን የኔማን ማርከስ መደብር በ1907 ያቋቋሙት ከአይሁድ ስደተኞች ቤተሰብ የወጡት የማርከስ እኅትና ወንድም፣ ከእኅትየዋ ባል ጋር ሆነው ነበር። ከ1930 በኋላ የምሥራቅ ቴክሳስ ነዳጅ ሲገኝ ትናንት ሌላ የነበረ ሰው ዛሬ ባለጸጋ ሆኖ በዚያ መደብር ገበየ። እዚህ «የድሮ ሀብት» የሚባለው ከአያት እምብዛም አያልፍም።

ስለ ራሴም ልናገር። ሕክምና የተማርኩት በ1980ዎቹ መጨረሻ ካርኮቭ ነው፤ ከተማዋ ያኔ የሶቭየት ኅብረት ነበረች፣ ዛሬ የዩክሬን ናት። በዚያ ዘመን በዚያ አገር የክብር ቦርሳ የሚባለው የምዕራብ መደብር ስም ወይም የሲጋራ ማስታወቂያ የታተመበት ፌስታል ነበር። ሰዎች አጥበው፣ ገመድ ላይ አስጥተው ደጋግመው ይይዙታል። የውጭ ተማሪዎች በባቡር ምዕራብ በርሊን ደርሰን የመመለስ ዕድል ስለነበረን እኔም አንዲት ፌስታል ነበረችኝ፤ መጽሐፌን በእርሷ ይዤ እንደ ልዑል እገባ ነበር። አንድ ከገጠር የመጣ የአገሬ ልጅ አምሳያዋን ይዞ ብቅ ያለ ዕለት «እሱ ደግሞ ምን አገባው?» ማለቴን ዛሬም አልረሳሁም። የተናቀው ልጅ ፌስታሉን ያገኘው ከእኔው መደብር፣ በእኔው ዋጋ ነበር።

* * *

«እንግዲያው ብክነትን መተቸት ክልክል ሊሆን ነው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ተቃውሞው ተገቢ ነው። በወር ደመወዝ የሚገዛ ቦርሳ ይዞ አገር ቤት ላለች እናት መድኃኒት አለመላክ ያሳዝናል። በብድር ካርድ የተገዛ ጌጥ ወለዱ ከጌጡ ዋጋ ሲበልጥ አይቻለሁ። ይህን መናገር ንቀት አይደለም።

ሆኖም ትችትን ከንቀት የሚለይ አንድ መፈተኛ አለ፤ ከላይ ነው የሚጀምረው ወይስ ከታች? ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ለመታየት ብቻ የሚወጣን ወጪ ሲመረምር የጀመረው ከማይሠራው ባለጸጋ ነበር፤ የታችኛው ሕዝብ ከላይ ያየውን እንደሚከተልም አስረድቷል። የእኛ ትችት ግን ከአስታማሚዋ ይጀምርና እዚያው ያበቃል። ሐሜቱ የሚካሄድበት ሠርግ ራሱ የስንት ዓመት ዕዳ እንደሆነ አይጠየቅም፤ በልተን ጠጥተን እንወጣለን። የወንዱ መርሴዲስም አይጠየቅም፤ «ተሳካለት» ይባላል። በዕዳ የተገዛ መኪና ስኬት፣ በትርፍ ሰዓት ሥራ የተገዛች ቦርሳ ቅሌት የሆነችበት ሚዛን የቁጠባ ሚዛን አይደለም።

ሁለተኛም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንዲት የ21 ዓመት ጥቁር ወጣት ከኒው ዮርኩ የባርኒስ መደብር በ2,500 ዶላር ገደማ ቦርሳ ገዝታ ከወጣች በኋላ ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች አስቁመው እንደመረመሯት በይፋ ተናገረች፤ አንድ ሌላ ወጣትም ስለ ቀበቶ ተመሳሳይ አቤቱታ አሰማ። መደብሩ በሚቀጥለው ዓመት ከክፍለ ግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ 525,000 ዶላር ከፈለ። ያን ዜና ስንሰማ ተቆጣን፤ ዘረኝነት ነው አልን፤ ነበረም። ነገር ግን ፖሊሱ ልጅቱን የጠየቃት ምን ነበር? ይህን ከየት አመጣሽው ነው። ይህን ጥያቄ እኛ በአማርኛ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ለገዛ እኅቶቻችን ስናቀርበው ስሙ ምን ይሆን?

* * *

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ይህን የምጽፈው በባለቤቷ ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገርም ትቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ 60 ዓመት የሚጠጉ አንዲት የአገሬ ሴት በምሠራበት ክሊኒክ መጡ። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ሌሊት ሌሊት በየቤቱ አዛውንት ያስታምማሉ። የጤና መድን የላቸውም። ይህ እዚህ ብርቅ አይደለም፤ ቴክሳስ መድን የሌለው ነዋሪ በመቶኛ ከክፍላተ ግዛቱ ሁሉ የሚበዛባት ናት። የሦስት ወሩ የስኳር ልኬታቸው ከ11 በላይ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ያች ቡናማ ቦርሳ ተቀምጣለች። አየኋት። በአንድ ቅጽበት ሁለት ነገር አሰብኩ፤ «ለቦርሳ ገንዘብ አላቸው» አልኩ፣ ቀጥሎም «ለመድኃኒት አይቸገሩም» አልኩ። የመጀመሪያው ንቀት ነበር፤ ሁለተኛው የሐኪም ስሕተት ሆነ። አዲስና ውድ መድኃኒት ጻፍኩላቸው። መክፈል ይችሉ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለማንም ሌላ መድን ለሌለው በሽተኛ እጠይቅ ነበር።

በአራተኛው ወር ሲመለሱ ልኬቱ አልወረደም፤ በግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ላይ ቁስል ነበረ። መድኃኒቱን አንድ ጊዜ ብቻ ገዝተው ቀን እየዘለሉ እንዳብቃቁት የነገሩኝ ቁስሉን ሳጥብላቸው ነው። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «ዶክተር፣ እርስዎም አልጠየቁኝ» አሉ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ቦርሳዋ ሲሄድ አይተው ነው መሰል ታሪኳን ነገሩኝ። ለአራት ዓመት ያስታመሟቸው አሮጊት ሲያርፉ ልጆቻቸው «እናታችን ላንቺ ብላለች» ብለው የሰጧቸው ናት። «እሷን ይዤ ስመጣ እኮ መዝጋቢዎቹ ‹ማም› ይሉኛል፤ ወንበር ያሳዩኛል። ሳልይዛት ስመጣ ‹መድንሽ የታለ?› ነው የሚሉኝ። ለዚህ ብዬ ነው ይዣት የምመጣው።»

ትሬሲ ማክሚላን ኮተም የተባለች አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ2013 በጻፈችው መጣጥፍ እናቷ ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ መንግሥት ቢሮ በመሄድ አንዲት ድሃ ጎረቤታቸው ለረዥም ጊዜ የተከለከሉትን እርዳታ እንዴት በግማሽ ቀን እንዳስፈጸሙላቸው ትተርካለች። ያን አንብቤ አድንቄ ነበር። ማንበብና ማየት ግን አንድ አይደሉም። እኔ ፊት የተቀመጡት ሴት ያደረጉትም ያንኑ ነበር። ቦርሳዋ በመዝጋቢዋ መስኮት ክብር አስገኘችላቸው፤ በእኔ ጠረጴዛ ግን ርኅራኄ አሳጣቻቸው። ሁለታችንም ሰውየዋን አላየንም።

ጣቲቱ በመጨረሻ ተቆረጠች። ሜትፎርሚንን የመሳሰሉ የቆዩ መድኃኒቶች በዋልማርት መድኃኒት ቤት ከ2006 ጀምሮ በ4 ዶላር ሲሸጡ እንደኖሩ ማንኛውም ሐኪም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ያን ቀን በእነርሱ ብጀምር ኖሮ ልኬቱ በብዙ ይወርድ ነበር። የጎደለኝ የሕክምና ዕውቀት አልነበረም። የሠርጉን ጠረጴዛ ይዤ ወደ ሥራ ገብቼ ነበር።

* * *

በአማርኛ «ከማን አንሼ» የምንለው ካቅሙ በላይ ለሚንጠራራ ሰው መቀለጃ ነው። «የከማን አንሼ ቤት ሠራ»፣ «የከማን አንሼ ሠርግ ደገሰ» እንላለን። ቃሉን ከፌዙ ለይተን ብናዳምጠው ግን ጥያቄ ነው፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። እንድታንስ ተደርጋ ያደገች ሴት ስትጠይቀው ሌላ ትርጉም አለው፤ ተንሶ የማያውቅ ባለጸጋ ሲጠይቀውም ሌላ። እኛ ግን የምንስቀው በመጀመሪያይቱ ነው። መልሱን ቦርሳ አይሰጣትም በሚለው እስማማለሁ። እንዲያ ከሆነ መልሱን የምንሰጣት እኛ መሆን ነበረብን፤ ከማንም አላነሽም ብለን። ያን ስላላልናት ቦርሳዋ እኛን ተክታ ትናገራለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ አወጣሁ። ከፊቴ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ፣ ዕቃውን በፌስታል ይዞ የመጣውንም፣ ባለ ቡናማ ቦርሳዋንም፣ የሥራ ባልደረባዬን ሚስትም፣ መድኃኒት ከመጻፌ በፊት በአንድ ዓይነት ቃል እጠይቃለሁ፤ «ይህን በየወሩ መግዛት ይችላሉ?» አንዳንዶች ይቀየሙኛል። አንዲት ወይዘሮ «እኔን ነው?» ብለው ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። «አዎ፣ እርስዎንም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ።